የአካል ጉዳት ካሳና የተጎጂው መብት፤ ከመሐንዲሱ ሥራ አንጻር

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው ዋና መንገድ እንፍራንዝን አቋርጦ ያልፋል። በከተማዪቱ አቅራቢያ ባለው ኮረብታ ላይ በ16ኛው መቶ ዘመን በዐፄ ሠርፀ ድንግል እንደ ተሠራ የሚነገርለት የጉዛራ ግንብ ቆሟል። በድንጋይና በኖራ የተገነባው ይህ ሕንፃ በዕድሜ ከጎንደር ከተማ ግንቦች ይቀድማል። ለተመልካች የሚናገረውም ስለ ንጉሡ ክብርና ስለ ኖራው ጥንካሬ ነው። ስለ ግንበኛው፣ ይልቁንም ከመወጣጫው ላይ ወድቆ ስለ ተሰበረው ግንበኛ ግን ድንጋዩ አይናገርም።

ዛሬ በገበያ ቀን በእንፍራንዝ መንገድ ዳር ለአንድ ሰዓት ያህል ቆሞ የሚመለከት መሐንዲስ የሚያየው ብዙ ነው። የጭነት መኪናው፣ ባጃጁ፣ እህል የጫነው አህያና እግረኛው በአንዱ አስፋልት ይጋፋሉ። ከመንገዱ ወዲያ ፎቅ ይሠራል፤ የቀን ሠራተኛው በባሕር ዛፍ መወጣጫ ላይ አርማታ ተሸክሞ ይወጣል። በወፍጮ ቤቱ ውስጥ የሞተሩ ቺንጊያ ያለ መከለያ ይሽከረከራል። የመብራት ሽቦው ከቆርቆሮው ጣራ በላይ ተዘርግቷል። ከከተማው ወጣ ሲባል ደግሞ ለመንገድ ሥራ አፈር የወጣበት ጉድጓድ ሳይደፈን ይገኛል። እነዚህ ሁሉ የልማት ምልክቶች ናቸው። እያንዳንዳቸው ግን በሰው አካል ላይ ጉዳት ሊያደርሱ የሚችሉ ነገሮች ናቸው፤ ሁሉም በአንድ በኩል ወይም በሌላ በኩል የመሐንዲስ እጅ የነካቸው ናቸው።

የዚህ ንግግር ዓላማም በእንዲህ ያሉ ነገሮች ጉዳት የደረሰበት ሰው በኢትዮጵያ ሕግ ምን መብት እንዳለው መግለጽና፣ ይህ መብት ብዙውን ጊዜ የሚጠፋው ሕግ ጎድሎ ሳይሆን ጊዜና ማስረጃ ጎድሎ መሆኑን ማሳየት ነው። ማስረጃው በአብዛኛው የሚገኘው በመሐንዲሱ መዝገብ ውስጥ ስለሆነ፣ ነገሩ ለጠበቆችና ለዳኞች ብቻ የሚተው አይደለም።

ሀ. የሕጉ መሠረት

ለሠሪው ስሕተት ኃላፊነትን መጣል አዲስ ነገር አይደለም። የባቢሎን ንጉሥ የሐሙራቢ ሕግ፣ ቤት ፈርሶ ባለቤቱን ቢገድል ቤቱን የሠራው ሰው እንዲሞት ያዝ ነበር። ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 22 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው፣ ከጣራው ሰው እንዳይወድቅ ዙሪያውን መከታ እንዲያደርግለት ያዛል። በኋለኛው ዘመን ፋብሪካ ሲስፋፋ ደግሞ ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1884፣ እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1897 በሥራ ላይ ለሚደርስ አደጋ ካሳ የሚሰጥባቸውን ሕጎች አወጡ። የእነዚህ ሕጎች ዋና ሐሳብ የተጎዳው ሠራተኛ የአሠሪውን ጥፋት እንዲያስረዳ አይገደድም የሚል ነበር።

በኢትዮጵያ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የፍትሐ ብሔር ሕግ ከውል ውጭ ስለሚደርስ ኃላፊነት ከአንቀጽ 2027 ጀምሮ በዝርዝር ደንግጓል። በዚህ ሕግ አንድ ሰው ለደረሰው ጉዳት ኃላፊ የሚሆንባቸው መንገዶች 3 ናቸው። አንደኛው በራሱ ጥፋት ነው። ሁለተኛው ጥፋት ባይኖርበትም ሕግ ኃላፊ ሲያደርገው ነው። ሦስተኛው በሕግ ተጠያቂ የሚሆንለት ሌላ ሰው፣ ለምሳሌ ሠራተኛው፣ ጉዳት ሲያደርስ ነው።

ሕዝቡ የሚያውቀው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ስለሆነም የተጎዳ ሰው፣ «ጥፋቱ የማን ነው?» ብሎ ይጀምራል፤ ጥፋተኛውን ማሳየት ያቃተው እንደሆነም «የእግዜር ቁጣ ነው» ብሎ ይተወዋል። ነገር ግን ከቴክኒክ ሥራ ጋር የተያያዙት ብዙዎቹ አደጋዎች የሚወድቁት በሁለተኛው ክፍል ውስጥ ነው። ይህን አለማወቅ ለተጎጂው ትልቅ ኪሳራ ነው።

ለ. በብዛት የሚያጋጥሙ የጉዳት ዓይነቶች

የመጀመሪያው የተሽከርካሪ አደጋ ነው። በአንቀጽ 2081 መሠረት የማሽን ወይም የሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት፣ ማሽኑን ወይም ተሽከርካሪውን ያንቀሳቀሰው ሌላ ሰው ቢሆንም እንኳ ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው። ከዚህ የሚድነው አደጋው በደረሰ ጊዜ ንብረቱ ተሰርቆበት እንደ ነበር ያስረዳ እንደሆነ ነው። ባለቤቱ «ፍሬኑ አልያዘም፤ አስቀድሜም አላወቅሁም» ቢል፣ ይህ ምክንያት አያድነውም። አንቀጽ 2086 እንደሚያመለክተው ኃላፊነቱ የሚቀርለት ወይም የሚቀነስለት ጉዳቱ የደረሰው በሙሉ ወይም በከፊል በተጎጂው ጥፋት ሲሆን ነው።

ከዚህም ሌላ የተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን አለ። በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 ተሽከርካሪዎች ሁሉ ይህን መድን እንዲገቡ አስገድዷል። አዋጁ በወጣ ጊዜ ለሞት ከ5,000 ብር ያላነሰና ከ40,000 ብር ያልበለጠ፣ ለአካል ጉዳትም ከ40,000 ብር ያልበለጠ ክፍያ ወስኖ ነበር። ገጭቶ ባመለጠና ባልታወቀ ወይም መድን በሌለው ተሽከርካሪ ለተጎዳ ሰውም የመድን ፈንድ አቁሟል። ሊዘነጋ የማይገባው ነገር ቢኖር የመድን ገንዘብ መቀበል የነገሩ መጨረሻ አለመሆኑ ነው። ጉዳቱ ከመድኑ ልክ በላይ ከሆነ ተጎጂው ቀሪውን በፍትሐ ብሔር ሕግ ከባለቤቱ መጠየቅ ይችላል።

ሁለተኛው ሕንፃ የሚያደርሰው ጉዳት ነው። በአንቀጽ 2077 መሠረት የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ለሚያደርሰው ጉዳት፣ ጉዳቱ አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችል ቢሆንም እንኳ ኃላፊ ነው። ከፍሎ ሲያበቃ ግን ወደ ሠሪው ተመልሶ ሊጠይቅ ይችላል። ከሕንፃ ላይ ወድቆ ሰው ለሚጎዳ ዕቃ ደግሞ በአንቀጽ 2080 በሕንፃው ውስጥ የሚኖረው ሰው ይጠየቃል። እንግዲህ በእንፍራንዝም ሆነ በጎንደር በመንገደኛ ራስ ላይ ድንጋይ ወይም ቆርቆሮ ቢወድቅ፣ ተጎጂው የግንበኛውን ስሕተት መርምሮ እንዲያገኝ አይጠበቅበትም። ምርመራው ባለቤቱና ሠሪው እርስ በርሳቸው የሚያደርጉት ነው።

ሦስተኛው ከአደገኛ ሥራ የሚመጣ ጉዳት ነው። አንቀጽ 2069 ፈንጂ ወይም መርዛም ነገር ያከማቸን፣ ከፍተኛ ኃይል ያለው የኤሌክትሪክ መስመር የዘረጋን፣ የመሬትን ተፈጥሯዊ አቀማመጥ የለወጠን፣ እንዲሁም ልዩ አደጋ ያለበት የኢንዱስትሪ ሥራ የሚሠራን ሰው፣ የፈጠረው አደጋ በደረሰ ጊዜ ኃላፊ ያደርገዋል። «የመሬትን አቀማመጥ የለወጠ» የሚለው ቃል ለመንገድ መሐንዲስ በእጅጉ ይመለከተዋል። አፈር ወጥቶበት ክፍት የተተወ ጉድጓድ በክረምት ውኃ ይሞላል። ከብት የሚጠብቅ ሕፃን ቢገባበት ጉድጓዱን የቆፈረው ድርጅት «ሕፃኑ ለምን ወደዚያ ሄደ?» ብሎ ማምለጥ የሚችል አይመስልም። በወፍጮ ቤትም እህል ልታስፈጭ የመጣችን ሴት ነጠላዋን ቺንጊያው ስቦ ቢጎዳት፣ ከላይ የተጠቀሰው ስለ ማሽን የተጻፈው ድንጋጌ ይሠራል።

አራተኛው በሥራ ላይ የሚደርስ ጉዳት ነው። በ1985 ዓ.ም.፣ በ1996 ዓ.ም. እና በመጨረሻም በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1156 የወጡት የአሠሪና ሠራተኛ ሕጎች፣ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ሠራተኛው በሥራው ምክንያት ለሚደርስበት ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ደንግገዋል። ኃላፊነቱ የሚቀረው ሠራተኛው ሆን ብሎ በራሱ ላይ ያደረሰው ጉዳት ሲሆን ነው። አሠሪው አስቀድሞ በግልጽ የሰጠውን የደኅንነት መመሪያ መጣስ፣ ወይም ራሱን መቆጣጠር እስኪያቅተው ሰክሮ በሥራ ላይ መገኘትም ከዚሁ ይቆጠራል። እዚህ ላይ «በግልጽ» የሚለው ቃል ትልቅ ክብደት አለው። ሄልሜትና የደኅንነት ቀበቶ ሳይሰጥ፣ መመሪያም ሳያስረዳ «ተጠንቀቁ ብዬ ነበር» የሚል አሠሪ ግልጽ መመሪያ ሰጥቷል ማለት ያስቸግራል።

በመጨረሻም የባለሙያ ጥፋት አለ። በአንቀጽ 2031 መሠረት አንድ ሙያ የሚሠራ ሰው የሙያውን ደንብ መጠበቅ አለበት፤ ባለመጠንቀቅ ወይም በቸልተኝነት ደንቡን ከጣሰ ይጠየቃል። ይህ ለሐኪም ብቻ የተጻፈ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ ነገር ግን የፌሮውን ልክ ያሳነሰ፣ ሶሌታው ሳይደርቅ ድጋፉን ያስነሣ፣ ያላየውን ሥራ አይቻለሁ ብሎ የፈረመ መሐንዲስም በዚሁ አንቀጽ ሥር ነው።

ሐ. የካሳው ልክ

የካሳውን ነገር ለመረዳት አንድ ምሳሌ መውሰድ ይጠቅማል። ወሩን በአማካይ 6,000 ብር የሚያገኝ፣ በጡረታ ሕግ ያልታቀፈ አንድ የቀን ሠራተኛ በእንፍራንዝ ከሚሠራ ፎቅ ላይ ወደቀ ተብሎ ይታሰብ። ይህ ሰው በመጀመሪያ የሕክምናውን ወጪ አሠሪው ይሸፍንለታል። ከሥራ በቀረባቸው በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ በሚቀጥሉት 3 ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ከዚያ በኋላ ባሉት 6 ወራት ደግሞ ከ50 በመቶ ያላነሰ ያገኛል።

የሕክምና ቦርድ ሙሉ በሙሉ ለዘለቄታው መሥራት አይችልም ብሎ ከወሰነ፣ ካሳው የዓመት ደመወዙ 5 እጥፍ ነው። የዓመቱ 72,000 ብር ስለሆነ ካሳው 360,000 ብር ይሆናል። ጉዳቱ 40 በመቶ ነው ከተባለ 144,000 ብር ያገኛል። ሰውዬው የሞተ እንደሆነ ደግሞ ያው 360,000 ብር ለጥገኞቹ ይከፋፈላል። ለሚስቱ 50 በመቶ ማለት 180,000 ብር፣ ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆቹ ለእያንዳንዳቸው 10 በመቶ ማለት 36,000 ብር፣ ይረዳቸው ለነበሩት ለአባቱና ለእናቱም እንደዚሁ ለእያንዳንዳቸው 36,000 ብር ይደርሳል። ከዚህ በላይ ከ2 ወር ደመወዝ ያላነሰ የቀብር ወጪ ይከፈላል።

የተጎዳው ሰው ሠራተኛ ሳይሆን መንገደኛ ከሆነ ሒሳቡ በፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። በአንቀጽ 2091 ደንብ መሠረት ካሳው ከጉዳቱ ጋር እኩል መሆን አለበት። ለሕክምና የወጣው፣ በጉዳቱ ምክንያት የቀረው ገቢ፣ ወደፊትም መድረሱ የማይቀረው ጉዳት ይታሰባል። ልኩን በትክክል ማስላት የማይቻል ሲሆን ዳኞች በርትዕ እንዲወስኑ አንቀጽ 2102 ይፈቅዳል። ሰው የሞተ እንደሆነም ባል ወይም ሚስት፣ ወላጆችና ተወላጆች በሟች ሞት ስለ ተቋረጠባቸው መተዳደሪያ በራሳቸው ስም መጠየቅ ይችላሉ።

በዚህ ክፍል አንድ የሚያሳዝን ነገር ሳይጠቀስ አይታለፍም። ለሕሊና ጉዳት የሚሰጠው ካሳ በአንቀጽ 2116 ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ተወስኗል። ሕጉ በወጣ ጊዜ ይህ ገንዘብ ጥማድ በሬ ያስገዛ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ዛሬ ግን በግ እንኳ አያስገዛም። ልጁን ላጣ አባት ይህን ቆጥሮ መስጠት ማጽናናት መሆኑ ቀርቶ ስድብ ሊመስለው ይችላል። ድንጋጌው እንዲሻሻል መጠየቅ የሙያ ማኅበራትም ድርሻ ነው።

መ. መብቱ እንዴት ይጠፋል?

በምሳሌው የተጠቀሰው ሠራተኛ በሕግ በኩል የጎደለበት ነገር የለም። ቢሆንም ካሳው ከእጁ የሚያመልጥባቸው በሮች 3 ናቸው።

የመጀመሪያው ጊዜ ነው። ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት የሚቀርብ ክስ በአንቀጽ 2143 መሠረት ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ በ2 ዓመት ይታገዳል፤ ድርጊቱ ወንጀል ሆኖ የወንጀሉ ይርጋ የሚረዝም ሲሆን ብቻ በዚያው ይቆጠራል። በአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ደግሞ የጉዳት ካሳ ጥያቄ በ1 ዓመት ይታገዳል። የተሰበረ እግር እስኪጠገን፣ ዘመድ እስኪመክር፣ አሠሪው «እናስብልሃለን» እያለ ሲያመላልስ አንድ ዓመት ሳይታወቅ ያልፋል።

ሁለተኛው ማስረጃ ነው። አንቀጽ 2141 የጉዳቱን ልክና ተከሳሹን ኃላፊ የሚያደርገውን ሁኔታ የማስረዳት ሸክም በከሳሹ ላይ ጥሏል። የቀን ሠራተኛ ግን የውል ወረቀት የለውም። ስሙ የሚገኘው በካቦው ደብተር ነው፤ ደብተሩም አደጋ በደረሰ ማግሥት ይጠፋል። የተሰበረው ሞራሌ ይማገዳል፤ መወጣጫው ተፈትቶ እንደገና በደንብ ይታሰራል። ዳኛው ቦታውን ቢያስመረምር የሚያገኘው የተስተካከለ ሥራ ነው። አሠሪው «ይህን ሰው አላውቀውም» ያለ እንደሆነ፣ የሕግ ድንጋጌ ሁሉ ባዶ ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

ሦስተኛው የችኮላ እርቅ ነው። ሽምግልና በጎንደር አገር ደም ያደረቀ፣ ቂም ያበረደ የተከበረ ሥርዓት ነው፤ ማንም ሊንቀው አይገባም። ሕጉም ተጎጂውና ጉዳት አድራሹ በስምምነት እንዲጨርሱ አይከለክልም። ነገር ግን በሽተኛው ገና አልጋ ላይ ሳለ፣ ሐኪም የጉዳቱን ልክ ሳይወስን፣ ለመሳፈሪያና ለመድኃኒት የሚሆን ጥቂት ሺህ ብር ተቀብሎ «ከእንግዲህ አልጠይቅም» ብሎ አሻራውን እንዲያስቀምጥ ማድረግ እርቅ አይባልም። ሽማግሌዎች ሁለት ነገር ቢጠይቁ ይበቃል፤ እነርሱም የሐኪሙ ማስረጃ የታለ? በሕግ ቢሆን ስንት ያገኝ ነበር? የሚሉት ናቸው። ከዚያ በኋላ የሚደረገው እርቅ ለሁለቱም ወገን ክብር ይሆናል።

ከዚሁ ጋር አንድ የተለመደ ስሕተት መታረም አለበት። ሾፌሩ ወይም ፎርማኑ በቸልተኝነት ወንጀል ተከሶ ነፃ በወጣ ጊዜ ቤተሰቡ «ነገሩ አለቀ» ብሎ ያዝናል። አንቀጽ 2149 ግን የፍትሐ ብሔር ዳኛ በወንጀል ችሎት ነፃ የመልቀቅ ውሳኔ እንደማይታሰር ይናገራል። የወንጀሉ ጉዳይ ስለ ቅጣት ነው፤ የካሳው ጉዳይ ስለ ጉዳቱ ነው። የዳኝነት መክፈያ የሌለው ሰውም ቢሆን በ1958 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከአንቀጽ 467 ጀምሮ በተጻፈው በደሃ ደንብ ክሱን ማቅረብ ይችላል። ሠራተኛ በአሠሪና ሠራተኛ ክርክር የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም።

ሠ. የመሐንዲሱ ድርሻ

ክቡራን የሥራ ባልደረቦች፤

የመሐንዲሱ የመጀመሪያ ግዴታ አደጋ እንዳይደርስ መከላከል መሆኑ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ አደጋው ከደረሰ በኋላ ያለው ግዴታ ብዙ ጊዜ አይነገርም። በዚያች ሰዓት መሐንዲሱ በሁለት ወገን መካከል ይቆማል። በአንድ በኩል ደመወዙን የሚከፍለው ድርጅት፣ «ዛሬ የሥራ መዝገቡ ላይ ምንም አትጻፍ» ይለዋል። በሌላ በኩል በሸራ ተጠቅልሎ ወደ ጎንደር የሚጫን ሰው አለ። መሐንዲሱ ብዕሩን ኪሱ ውስጥ ቢያስቀምጥ የሚጠፋው አንድ ገጽ ጽሑፍ ብቻ አይደለም። የ360,000 ብር መብት፣ ማለትም የሦስት ልጆች ትምህርትና የሁለት ሽማግሌዎች ጉርስ አብሮ ይጠፋል።

መጻፉ ደግሞ ድርጅቱን ራሱን ይጠቅማል። አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ከፋይ ስለሆነ እውነትን በመደበቅ የሚያተርፈው በሕግ ፊት ጥቂት ነው። ሠራተኞቹን መድን ያስገባ እንደሆነም መድን ሰጪው አስቀድሞ የሚጠይቀው ይህንኑ የአደጋ መዝገብ ነው። መመሪያ ሰጥቶ፣ መሣሪያ አድሎ፣ ሠራተኛው ግን ሆን ብሎ የጣሰው መሆኑን ሊያስረዳለት የሚችለውም ያው መዝገብ ነው።

ስለዚህ እያንዳንዱ አባል በሚመራው ሥራ ቢያንስ እነዚህን እንዲፈጽም ይጠበቃል። አንደኛ፣ በየዕለቱ ሥራ ላይ የዋሉት ሁሉ፣ በካቦ የመጡት ጭምር፣ ስማቸውና የቀን ክፍያቸው ይጻፍ። ሁለተኛ፣ የደኅንነት መመሪያው በጽሑፍ ሆኖ ማንበብ ለማይችለው ይነበብለት፤ መነበቡም ይመዝገብ። ሦስተኛ፣ አደጋ ሲደርስ ሰዓቱ፣ ቦታው፣ ያዩት ሰዎች ስም በዕለቱ ይጻፍ፤ የቦታው ንድፍና ፎቶግራፍ ይነሣ፤ የተሰበረው ዕቃ ለመርማሪ ይቆይ። አራተኛ፣ ለተጎዳው ሰው ወይም ለቤተሰቡ የ1 ዓመቱና የ2 ዓመቱ ጊዜ በግልጽ ይነገረው። አምስተኛ፣ ፍርድ ቤት በጠራው ጊዜ መሐንዲሱ ያየውን ሳይጨምርና ሳይቀንስ ይመስክር።

ከእነዚህ አንዱም ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ አንድ ደብተር፣ አንድ ብዕርና ቆራጥ ኅሊና ይበቃሉ።

በገጠሩ አገር ሁለት ሰዎች ሲጣሉ፣ አንዱ «በሕግ አምላክ!» ያለ እንደሆነ ሌላው የያዘውን ዱላ አውርዶ ይቆም ነበር። ዳኛም ፖሊስም በሌለበት ሜዳ ቃሉ ብቻ ያቆመው ነበር። ከመወጣጫ የወደቀ ሰው ግን ይህን ቃል ለመናገር ትንፋሽ አይኖረው ይሆናል። በእርሱ ፈንታ የሚናገርለት በዕለቱ በእውነት የተጻፈው መዝገብ ነው። የጉዛራ ድንጋዮች ስለ ግንበኛው አይናገሩም፤ ዛሬ የሚነሡት ሕንፃዎች ግን የሠራተኞቻቸው ስምና ዕጣ የተጻፈባቸው መዛግብት እንዲኖሯቸው ማድረግ በዚህ ጉባኤ የተገኘው ባለሙያ ሁሉ ግዴታ ነው።